ሁለት መቶ ሰማንያ ዲግሪ

ልጄ ቺሃሩ የጠየቀችኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ሌሊት ከአባዬ ጋር ተጓዢና እዪው» አለችኝ በስልክ። «ፈረቃውን ብቻውን ይዞ ማደር ከቻለ ቶባ ስትደርሱ ‹ይችላል› በይኝ፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ካልቻለ ‹ይብቃው› በይኝ። ጀልባዋን አስሸጣታለሁ፣ እሱንም ጎትቼም ቢሆን ሐኪም ፊት አስቀምጠዋለሁ። ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።»

ቺሃሩ ቶባ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ክፉ ነገር ስትናገር ድምፅዋ አይለወጥም። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ድንች መላጥ ቀጠልኩ። ማልቀስ እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ግን አልመጣም። ከዝናቡ ወራት ወዲህ እንዲሁ ነኝ። ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው ይመስላል አይደል? እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኗል። ሰው ሲያዝንልኝ እንኳ ለማን እንደሚያዝን ዞር ብዬ ማየት ያምረኛል።

ስሜ ሱሚኤ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ሺሞዳ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የልጆች ምሳ ሳበስል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ኖሪማሳ ወደ ደሴቶቹ በሚመላለስ የመንገደኞች መርከብ ላይ ምክትል ካፒቴን ነበር። ምክትል እንደሆነ ገባ፣ ምክትል እንደሆነ ወጣ። ይህ ነገር ሆዱን ሲበላው ኖሯል መሰለኝ፣ ጡረታ በወጣ በወሩ ቺዶሪ የምትባል አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛና ራሱን ካፒቴን አድርጎ ሾመ። የቀረውን ሹመት በሙሉ ለእኔ ሰጠኝ፤ ምክትል፣ ወጥ ቤት፣ ገመድ ጎታች፣ መጸዳጃ አጣቢ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነን። በስም ተጠራርተን አናውቅም። ቺሃሩ ከተወለደች ወዲህ እሱ «እናቷ» ይለኛል፣ እኔ «አባቷ» እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ነገር የመጣው በዝናቡ ወራት ነው። ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥዶ ረሳው፤ ቂጡ ቀልጦ ቤቱ ሲሸት ደርሼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የመታጠቢያ ገንዳውን ቧንቧ ከፍቶ ተኛና መተላለፊያው ጎርፍ ሆነ። ከዚያ ጎረቤታችን የኩዋሃራ ሽማግሌ ሞቱ። ኖሪማሳ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ሄዶ ለቅሶ ደረሰ። በነጋታው እንደገና ጥቁር ልብሱን ለብሶ ሄደና ያንኑ ቃል፣ ያንኑ እጅ መንሳት ደገመላቸው። ሚስትየዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ እንደ አዲስ አመሰገኑት። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። ያሰብኩት ነገር ቢኖር ለሦስተኛ ቀን እንዳይሄድ ጫማውን መደበቅ ብቻ ነው።

ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «ሐኪም የታመመ ሰው ነው የሚያየው» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እንግዲህ ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከሺሞዳ ወጣን። የምንሄድበት ቶባ መቶ ማይል ይርቃል፤ ሃያ ሰዓት ያህል ነው። መሐል ላይ ያለው የኤንሹ ባሕር ዳርቻው ሁሉ አሸዋ ስለሆነ ጀልባ የሚሸሸግበት ወደብ የለውም። አንዴ ከጀመሩት አድሮ ማለፍ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከኋላችን ይነፍሳል። ሸራዎቹን ሰቅለን ሞተሩን አጠፋን። ለሁሉም ነገር ዝግጁ ነበርኩ፤ ገመድ ቢሳሳት፣ መልሕቅ ቢረሳ፣ እያንዳንዱን በልቤ ልመዘግብ። እሱ ግን አንድም አልተሳሳተም። እጆቹ ከእሱ ተለይተው የሚኖሩ ይመስል ሥራቸውን ያውቁታል።

የኢሮን አፋፍ ስናልፍ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። አለቱ ላይ የተለጠፈችውን የመርከበኞች ቤተ መቅደስ እጅ ነሥቶ ከጠርሙሱ ትንሽ ሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ባሕሩ ላይ አፈሰሰ። ቤተ መቅደሷ ከዓይናችን ሳትጠፋ እንደገና ቆብ አውልቆ እጅ ነሣና እንደገና አፈሰሰ።

«አሁን አፍስሰህ የለ እንዴ?» አልኩት።

ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ። «ሲያልፉ ቀምሶ የሚበቃው ባሕር አለ?» አለና ሳቀ። «ሦስት ጊዜም ባፈስ ዝም በይ። የሚሰምጠው ንፉግ ነው።»

መልስ አያጣም። ይህ ነው የሚያስቸግረው። አንድ ብዬ በልቤ መዘገብኩ፤ ግን ምን ብዬ እንደምመዘግበው አላውቅም።

የቺዶሪ ሕግ ከመርከብ የመጣ ሕግ ነው። ፈረቃው ሦስት ሦስት ሰዓት ነው። አስረካቢው አቅጣጫውን በዲግሪ ይናገራል፣ ነፋሱን ይናገራል፣ የሚታየውን መብራት ሁሉ ይናገራል። ተረካቢው ቃል በቃል ይደግመዋል፣ «ተረከብኩ» ይላል፣ መሪውን ይይዛል። «ተረከብኩ» ሳይባል ከመሪው እጁን ያነሳ ሰው ለአንድ ሳምንት ሲሰደብ ይኖራል። የተሰደብኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ካርታ የሚያሳየን ስክሪን ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ኮምፓስ ባትሪ አይበላም» ብሎ አላሠራውም። እኔ ስልኬ ላይ ካርታ አለኝ፤ እሱ ግን ስልክ አይቶ መርከብ መንዳትን ከኩረጃ ይቆጥረዋል።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ፈረቃው የእሱ ነበር። ልተኛ ሲገባኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጨው የደረቀ የፕለም ፍሬ የወሸቅኩበትን የሩዝ ጭብጦ ሰጠሁት፤ አንድ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ በሦስት ጉርሻ ጨረሰው።

«ምን እንደ ፖሊስ ታፈጪብኛለሽ?» አለኝ።

«ቆንጆ ሆነህብኝ ነው።»

«አሁን ገና አየሽው? አርባ ስድስት ዓመት ዘገየሽ።»

እንደ ቀልድ «ለመሆኑ ትናንት ማታ ምን በላን?» አልኩት።

«ያበሰልሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን» አለ። ከዚያ ፈገግታውን አጠፋና ፊቴን በኮምፓሱ ቀይ ብርሃን ውስጥ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ምነው፣ ረሳሽው እንዴ?»

ጥያቄዬን ሸሸ ብዬ ይህንንም መዘገብኩት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ተረከብኩ፤ እሱ ወርዶ ተኛ። ብቻዬን ስሆን ባሕሩ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሰው በሌሊት ባሕር ላይ ሲሆን ነፍሱ ይከፈታል ይላሉ። የእኔ ነፍስ የሱፍ ቆቤን ወደ ታች ስቤ ጆሮዬን እንድሸፍን ከመንገር ሌላ አልተናገረችኝም። የጭነት መርከቦች በግራዬ በሩቁ ያልፋሉ። ከአምስት ሰዓት በፊት የኦማኤን የመብራት ማማ በቀኜ አልፌ ወደ ኋላ ተውኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ቶባ መቃረቢያ ድረስ አቅጣጫችን ሁለት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው። ሁልጊዜም እሱ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። የማንቆርቆሪያውን ነገር ባነሣበት «ማንም ይረሳል» ይለኛል፤ ቺሃሩም «እማዬ፣ ለጀልባው የሚሆን ማስረጃ አይደለም» ትለኛለች። ባሕር ላይ ደግሞ እስካሁን አልተሳሳተም። እንግዲህ ራሴ ልፈትነው አልኩ። ፈረቃውን ሳስረክበው ሁለት መቶ ስልሳን ትቼ ሁለት መቶ ሰማንያ እለዋለሁ። ከኦማኤ ወዲያ ሁለት መቶ ሰማንያ ማለት ቀስ እያሉ ወደ አሸዋው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ወደ ዘረጉበት መሄድ ነው። ይህን መንገድ ሃያ ጊዜ የሄደ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። ካወቀው «ሰክረሻል እንዴ?» ብሎ ይጮህብኛል፤ እኔም ለቺሃሩ «ይችላል» እላታለሁ። ካላወቀው አልጋዬ ላይ ሆኜ ግማሽ ሰዓት እጠብቅና ወጥቼ አስተካክላለሁ። ያኔ «ይብቃው» ነው።

ሲታሰብ ቀላል ነበር። ለልጆች ሾርባ ጨው በዝቶ እንደሆነ ከመቅመስ አይከብድም።

ስድስት ሰዓት ላይ የጎማ ካፖርቱን እየቆለፈ ወጣ። ሰማዩን አየ፣ ሸራውን በእጁ ነካ።

«በል እንግዲህ» አልኩት። «አቅጣጫ ሁለት መቶ ሰማንያ። ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ፣ መካከለኛ። በግራ አንድ የጭነት መርከብ፣ እየራቀ ነው። ከፊት ምንም የለም።»

ጠበቅኩ። ልቤ ይመታል ብዬ ነበር፤ እሱም እንደ ወትሮው ነው።

«አቅጣጫ ሁለት መቶ ሰማንያ» አለ፣ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ደህና ተማሪ። «ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ፣ መካከለኛ። በግራ አንድ የጭነት መርከብ፣ እየራቀ። ከፊት ምንም። ተረከብኩ። ሂጂ ተኚ፣ እናቷ፤ ደክሞሻል።»

ወረድኩ። ከነልብሴ፣ ከነጫማዬ ተጋደምኩ። በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ ለራሴ። አርባ ስድስት ዓመት የኖርኩት ሰው መንገዱን አያውቀውም። ይህን በቃሌ ደጋገምኩት፣ ምናልባት ከደጋገምኩት ያመኛል ብዬ። አላመመኝም። ሰዓቴን አየሁ፤ ከስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ስድስት ተኩል ላይ እወጣለሁ አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ በመስኮቷ ብርሃን ገብቷል።

ሰዓቱ ከማለዳው አሥራ ሁለት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃዬ ነበር፤ አልቀሰቀሰኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። ባሌን ልፈትን ብዬ የሁለታችንንም ነፍስ አሸዋ ላይ ልጥል ነበር። በሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰዓት ቢሄድ ኖሮ እስካሁን ተገልብጠን ነበር፤ ወይም መረብ ውስጥ ገብተን ነበር። እዚያው ተኝቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ጀልባዋ ትሄዳለች። ውሃው ጎኗን እያሸ ያልፋል። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ከፈትኩት፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ከኦማኤ እስከ ቶባ በተሰመረው መስመር ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ ጣት እንኳ አልወጣችም።

ወጣሁ። ኖሪማሳ መሪውን በጉልበቱ ደግፎ ከቴርሞሱ ሻይ ይቀዳል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙ ላይ ጨው ደርቋል። ከፊታችን የሺማ ተራሮች ይታያሉ።

«እንዴት አደርሽ፣ እናቷ?»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ተኝተሽ ነበራ።»

«ፈረቃዬ ነበር እኮ!»

«የካፒቴን ትእዛዝ ነው። ጠጪ።» ሻዩን ዘረጋልኝ። ኮምፓሱን አየሁት። ሁለት መቶ ስልሳ።

«አቅጣጫውን ቀየርከው» አልኩ።

ሸራውን አየ። ያጠባበቀውን ገመድ እንደገና አጠባበቀ። ከዚያ ተናግሮኝ በማያውቀው ድምፅ፣ ቺሃሩ ትንሽ ልጅ ሆና ስትታመም በሚያናግራት ድምፅ፣ «እናቷ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«መርሳቱ።»

ሻዩን ይዤ ቀረሁ።

«አትደንግጪ» አለ። «እኔ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ማታ ሁለት መቶ ሰማንያ ስትዪኝ ያው እንደሆነ ገባኝ። በመርከብ ላይ ፈረቃ ያስረከበሽን ሰው በፊቱ አታርሚውም። ደክሞ ነው፤ ይወርዳል፣ ይተኛል። ከዚያ ዝም ብለሽ አስተካክለሽ ትነጂያለሽ፤ በማግስቱም አታነሺበትም። ምክትል ካፒቴን ሥራው ይኸው ነው። ላነሳብሽም አልፈለግኩም ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።»

«አባቷ፣ እኔ...»

«ማንቆርቆሪያውን አስታወሽው? በዝናቡ ጊዜ? ቂጡ ቀልጦ ቤቱን ልታቃጥዪ ነበር። ምንም አላልኩሽም። ገንዳውን ከፍተሽ ተኝተሽ መተላለፊያው ሲጥለቀለቅም ምንም አላልኩሽም። ኩዋሃራ የሞቱ ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለቅሶ ሄድሽ። በራችን ላይ ቆሜ ሳይሽ እንዴት እንዳፈርኩልሽ! ማታ ደግሞ ምን እንደበላን ጠየቅሽኝ። የበላነውን እኮ ነው፣ እናቷ።»

የእሱን ዝንጋታ አንድ በአንድ ለቅሞ ለእኔ አልብሶኛል። አንዲቱን እንኳ አልተዋትም። በራችን ላይ መቆሜን ሳይቀር ወስዶ እሱ ቆሞበታል። የሚዋሽ ሰው ዓይን አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ካሮታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደብቀው «በላሁት» የሚሉ ልጆችን አይቻለሁ። ይህ ውሸት አልነበረም። እሱ የሚያስታውሰው እንዲህ ነው።

«ፈርቻለሁ» አለኝ። ከመሪው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ነው ያለው። «አንቺ ስሜን የረሳሽ ቀን ምን እንደማደርግ አላውቅም። እውነቴን ነው። ወላጆቼ ሲሞቱ እንዲህ አልፈራሁም።»

እኔ አምስት ወር ሙሉ ስለ እሱ ምንም ሳይሰማኝ ኖሬያለሁ። እሱ ግን ያንኑ አምስት ወር ስለ እኔ ሲፈራ ነው የኖረው። ማልቀስ ቢመጣልኝ እዚያ ጋ መምጣት ነበረበት። አፍሬ ሻዩን ጠጣሁ፤ ቀዝቅዟል።

«ሆን ብዬ ነው ያልኩህ» የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት፤ ልጅህና እኔ ተማክረን ስንሰልልህ ነው ያደርነው። ይህን ካልኩት ፈተናውን አልፏል። ባሕሩን ያውቀዋል፤ ለቺሃሩ በሐቅ «ይችላል» ማለት አለብኝ። ጀልባዋ ትቀርለታለች። ግን ማንቆርቆሪያውም ይቀርለታል፣ ገንዳውም፣ ሁለት ቀን ለቅሶውም፤ ሐኪም ቤትም አይሄድም። አንድ ሌሊት ደግሞ፣ መቼ እንደሆነ ሳናውቅ፣ ያ ነገር ከየብስ ተነሥቶ ባሕር ላይ ይመጣበታል። ዝም ካልኩ ግን እኔን እየጠበቀ፣ እኔን እየፈራ ይኖራል፤ እኔ ሳልታመም።

ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ ላሙቅ ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። እሳቱን ለኮስኩ። እላይ ሆኖ «አጥፊው! እንዳትረሺው!» ሲለኝ ሰማሁት። አጠፋሁትና ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ወጣሁ። ጠጣን። እንደ ጨረስን ሳህኔን ተቀብሎ ራሱ አጠበው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በዚህች ጀልባ ላይ ሳህን ሲያጥብ የመጀመሪያው ነው።

ቶባ የገባነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሸራውን አውርደን በሞተር ቀስ ብለን ገባን። ቺሃሩ ከሥራ ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ የጀልባ ማቆሚያው መድረክ ላይ ቆማለች። ገመዱን ወረወርኩላት፤ ያዘች፣ አሰረች። አባቷ ቺዶሪን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ከመድረኩ ጎን አስቀመጣት። ቺሃሩ ይህን አየች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ቃሌን እየጠበቀች ነው። ሁለት ቃል ነበር የሰጠችኝ፤ ሁለቱም አፌ ውስጥ አሉ፣ የትኛው እንደሚወጣ እኔም አላውቅም።

ቀደመኝ።

«ቺሃሩ» አላት ገና መድረኩ ላይ ሳይወጣ። «ቺዶሪን ልሸጣት ነው።»

«ምን?» አለች ልጄ። «አባዬ፣ ለምን?»

ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ቆሜ እያለሁ እንደማልሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናትሽ ደህና አይደለችም። ሌሊት ፈረቃ ስታስረክበኝ ሃያ ዲግሪ ሳተች። ይዣት ባሕር መውጣት አልችልም፤ ጥያትም አልወጣም። እናንተ ሆስፒታል መርሳትን የሚያይ ሐኪም አለ ብለሽኝ አልነበር? ለእሷ ቀጠሮ ያዢ። እኔ አብሬያት እገባለሁ።»

ድምፅዋ የማይለወጠው ልጄ ድምፅዋ ጠፋ። እሱን አየች፣ እኔን አየች። ከሁለታችን የትኛችን እንደታመምን እየፈለገች ነበር። «እማዬ?» አለች በመጨረሻ።

ኖሪማሳም ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ልመና አለ፤ እንዳልክድ፣ እንዳላስቸግር፣ ሐኪም ቤት እሺ ብዬ እንድሄድ። ለሌላ ለምንም ነገር እንዲህ ለምኖኝ አያውቅም።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ሁለት መቶ ስልሳ ማለት ሲገባኝ ሁለት መቶ ሰማንያ አልኩት።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ውሸት የለም።

ቺሃሩ ከዓይኔ ላይ አንድ ነገር አነበበች መሰለኝ፣ የነርስ ፊቷ ተመለሰ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሁለታችሁም አንድ ላይ ትታያላችሁ» አለች።

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?» አለ።

«እማዬ ብቻዋን ብትመረመር ትፈራለች፣ አባዬ።»

አሰበበት። እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። «እሺ። እሷ እንዳትፈራ እኔም እታያለሁ።»

መድረኩ ላይ ወጣና እጁን ሰጥቶ አወጣኝ። እጄን ግን አልለቀቀውም። እንደ ሽባ አሮጊት ክርኔን ደግፎ፣ እርጥብ ሳንቃ ባለበት እያዞረኝ፣ ቀስ እያልን ሄድን። ቺሃሩ ቦርሳችንን ይዛ ከጎናችን ትሄዳለች፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች። እኔ የእጁ ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

«አይዞሽ» አለኝ። «የሚጠይቁት ቀላል ቀላሉን ነው። ከአሁኑ እንለማመድ። በይ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ» አልኩት።

ትክክል መሆኔን ለማወቅ ዞሮ ቺሃሩን አያት።